ስክራች ላይ ኮንትሮል ዜድ ስንጫን ድመቷ ባለችበት ትቀራለች፣ ብሎኩ ግን ይጠፋል። ለምን?

ክበብ_መሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ስክራች 3 (ልጆች ብሎክ እየሰካኩ ፕሮግራም የሚሠሩበት) ላይ ስላለው ኮንትሮል ዜድ፣ የሠሩትን መሻሪያ ቁልፍ፣ ነው። (በእንግሊዝኛ ስሙ «አንዱ» ብዬ ብጽፈው «አንዱ ምን?» ማለታችሁ አይቀርም፤ ስለዚህ በቁልፉ ስም ልጥራው።) ተጠቃሚዎቹ ጀማሪ ልጆች ናቸው። ገጹ አማርኛ ነው። ግማሹ ኮምፒውተር ላይ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው ስክራች ተጭኗል፣ የቀረው በብራውዘር ይከፍታል። ችግሩ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ነው።

አራት ነገር እየተደጋገመ አስቸግሯል።

አንደኛ፣ ልጁ ድመቷን ስቴጁ (ሥዕሉ የሚታይበት መድረክ) ላይ በማውስ ይጎትታታል፤ ቦታዋ አልጥም ሲለው ኮንትሮል ዜድ ይጫናል። ድመቷ ንቅንቅ አትልም። ደግሞ ይጫናል፣ ያው ነው። ቆይቶ ስክሪፕቱን (የተሰካኩትን ብሎኮች) ሲያይ ቅድም የሰካው «ሪፒት» ብሎክ የለም።

ሁለተኛ፣ የድመቷ ስክሪፕት ይበላሻል፤ ልጁ ኳሷን ክሊክ አድርጎ ያያትና ወደ ድመቷ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ኮንትሮል ዜድን ቢደበድበውም አይሠራም። ባዶው ቦታ ላይ ራይት ክሊክ ሲደረግም የመመለሻው መስመር ደብዝዞ ነው የሚታየው።

ሦስተኛ፣ በስህተት የጠፋ ስፕራይት (እንደ ድመቷና ኳሷ ያለ ገጸ ባሕርይ) በኮንትሮል ዜድ አይመለስም።

አራተኛ፣ ይህ ነው የባሰው፤ 40 ቃል የተጻፈበት ሊስት ተሰረዘ፣ ኮንትሮል ዜድ ሲጫኑ ሊስቱ ተመለሰ፣ ቃላቱ ግን የሉም። ባዶ ሊስት።

የፕሮግራሙ ስህተት ነው ወይስ እኛ የማናውቀው ሥርዓት አለው?


ብሎክ_ቆጣሪ፦

ሥርዓት አለው፣ ግን የትም ተጽፎ አይታይም። ሰው ኮንትሮል ዜድን የሚያውቀው ከወርድ ነው፤ እዚያ አንድ ሰነድ አለ፣ አንድ ታሪክ አለ፣ ወደ ኋላ ትሄዳለህ። ስክራች ግን በአንድ መስኮት ውስጥ የተሰበሰቡ የተለያዩ ክፍሎች ነው፤ እያንዳንዱም የራሱን መዝገብ ይይዛል። የብሎኮቹ ቦታ አንድ መዝገብ አለው። የኮስቲዩም (የስፕራይቱ መልክ) መሳያው ሌላ አለው። የድምፅ ማስተካከያውም የራሱ አለው። ለተሰረዘ ስፕራይት፣ ኮስቲዩምና ድምፅ ደግሞ «ኢዲት» ከሚለው ሜኑ ሥር «ሪስቶር» አለ። አንዱ መዝገብ የሌላውን አያውቅም። ስቴጁ ጭራሽ መዝገብ የለውም።

(የሜኑና የብሎክ ስሞችን በእንግሊዝኛው አጠራር ነው የምጽፈው፤ በአማርኛው ገጽ ላይም ቦታቸው ያው ነው።)

የመጀመሪያውን ጥያቄህን በሁለት ደቂቃ ማየት ትችላለህ። አዲስ ፕሮጀክት ክፈት። «ዌን ፍላግ ክሊክድ»ን (ባንዲራው ሲጫን የሚለውን) አውጣ፤ ከሥሩ «ሙቭ 10 ስቴፕስ»ን ስካ። አሁን ድመቷን ወደ ቀኝ ጥግ ጎትታት። ኮንትሮል ዜድ ተጫን። ድመቷ እዚያው ጥግ ላይ ናት፤ «ሙቭ 10 ስቴፕስ» ግን ከስክሪፕቱ ወጥቶ ጠፍቷል። ምክንያቱ፦ ድመቷን መጎተትህ የትም አልተመዘገበም። ቁልፉ የሚደመጠው ደግሞ የብሎኮቹ ቦታ ላይ ስትሆን ብቻ አይደለም፤ ማውስህ ስቴጁ ላይ ቢሆንም ይደመጣል። ስለዚህ የብሎክ መዝገቡ መጨረሻ ላይ የነበረውን ሥራ፣ ማለትም ያንን ብሎክ መሰካትህን፣ ይሽራል። ልጁ ዓይኑ ድመቷ ላይ ስለሆነ አያየውም። «አልሠራም» ብሎ ሦስት አራት ጊዜ ሲጫን ሦስት አራት ሥራ ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው።

መድኃኒቱ ኮንትሮል ሺፍት ዜድ (የተሻረውን መልሶ የሚደግመው) ነው፤ በተጫኑት ቁጥር ልክ። አራት ጊዜ ዜድ ከነበረ አራት ጊዜ ሺፍት ዜድ። ነገር ግን ከዚያ በፊት አንድም ብሎክ እንዳይነካ። ይህንን አጥብቀህ ንገራቸው።

የድመቷን ቦታ በተመለከተ ሁለት መንገድ አለ። ከስቴጁ በታች ኤክስና ዋይ የሚሉ ሁለት ሣጥኖች አሉ፤ የድሮውን ቁጥር ካስታወስክ እዚያ ጻፈው፣ ትመለሳለች። መሃሉ 0 እና 0 ነው፤ ኤክስ ከ-240 እስከ 240፣ ዋይ ከ-180 እስከ 180 ይሄዳል። ቁጥሩን የማታስታውስ ከሆነ ደግሞ ከመጎተትህ በፊት አንድ ነገር አድርግ። ሰማያዊው የሞሽን ክፍል ውስጥ «ጎ ቱ ኤክስ ዋይ» የሚለው ብሎክ የስፕራይቱን የአሁን ቦታ ቁጥር ራሱ ሞልቶ ይጠብቅሃል። እሱን አውጥተህ ባዶ ቦታ ላይ ጣለው። ከዚያ ድመቷን እንዳሻህ ጎትት። መመለስ ስትፈልግ ያንን ብሎክ ክሊክ ማድረግ ነው፤ ድመቷ ወደ ቦታዋ ትዘላለች። ቅደም ተከተሉ ግን እንዳይገለበጥ፤ ከጎተትክ በኋላ ብታወጣው የያዘው አዲሱን ቦታ ነው።

ሲለመድ ደግሞ ያው ብሎክ ከባንዲራው ሥር የመጀመሪያው ይሁን። ያኔ ባንዲራውን መጫን ብቻውን ስቴጁን ወደ መነሻው ይመልሳል። መጠኑንም ከቀየሩ «ሴት ሳይዝ ቱ 100»ን፣ አቅጣጫዋንም ካዞሩ «ፖይንት ኢን ዳይሬክሽን 90»ን ከሥሩ ይጨምሩ። እነዚህም በኮንትሮል ዜድ አይመለሱም።


ጓዳ_ገንቢ፦

ብሎክ_ቆጣሪ ያለው ትክክል ነው። ውስጡን ላሳይ፣ ሁለተኛው ጥያቄ ከዚያ ይፈታል።

ስክራች 3 እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ሲወጣ የብሎክ ክፍሉ የተሠራው በጉግል ብሎክሊ (ብሎክ እየሰካኩ ፕሮግራም መሥሪያ መሣሪያ) ላይ ነው። ብሎክሊ ውስጥ እያንዳንዱ ለውጥ ክስተት ሆኖ ይመዘገባል፤ ብሎክ ተፈጠረ፣ ቦታ ቀየረ፣ ተሰረዘ፣ በውስጡ ያለው ቁጥር ተለወጠ። ክስተቶቹ በቡድን ቁጥር ይታሰራሉ። አንድ ብሎክ ከዝርዝሩ ጎትተህ ስትሰካ «ተፈጠረ» እና «ተንቀሳቀሰ» የሚሉት ክስተቶች አንድ ዓይነት የቡድን ቁጥር ይይዛሉ። ኮንትሮል ዜድ ስትጫን ከመዝገቡ ጫፍ ያለው ክስተት ይወጣል፤ ከሥሩ ያለው ያንኑ ቡድን ቁጥር ከያዘ እሱም ይከተላል፤ ሌላ ቁጥር ያለው ላይ ሲደርስ ይቆማል።

ለዚህ ነው አንዳንዴ በአንድ ጭነት አንዲት ብሎክ፣ አንዳንዴ ደግሞ 30 ብሎክ የሚንቀሳቀሰው። ባዶ ቦታ ላይ ራይት ክሊክ አድርገህ «ክሊን አፕ ብሎክስ» ብትል ሃያ ስክሪፕት ቦታውን ይቀይራል፤ በመዝገቡ ግን አንድ ቡድን ነው፣ በአንድ ኮንትሮል ዜድ ሁሉም ወደየቦታው ይመለሳል። ረጅም ስክሪፕት ጎትተህ ወደ ግራው ዝርዝር መልሰህ ብትጥለውም እንደዚያው ነው፤ በአንድ ጭነት ከነሙሉ አካሉ ይመለሳል።

ሁለት መዝገብ ነው ያለው፤ የኋሊት እና የፊት። ኮንትሮል ዜድ ከኋሊት አውጥቶ ወደ ፊት ያስገባል። አዲስ ክስተት ሲመዘገብ የፊቱ መዝገብ ባዶ ይደረጋል። ማንኛውም የሚመዘገብ ክስተት ይህን ያደርጋል። ብሎክን ክሊክ አድርጎ ማስኬድ አይመዘገብም፤ መምረጥም፣ ገጹን ማንሸራተትም አይመዘገብም። እነዚህ ጉዳት የላቸውም። ነገር ግን ክሊክ ለማድረግ ሲሞክር እጁ ተንሸራቶ ብሎኩን በጥቂት ፒክስል ካንቀሳቀሰው፣ ያ «ተንቀሳቀሰ» የሚል ክስተት ነው። ኮንትሮል ሺፍት ዜድ በዚያች ቅጽበት አበቃለት። ትንንሽ ልጆች ላይ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው፤ «ሺፍት ዜድም አልሠራም» ሲሉ የፊቱ መዝገብ ተጠርጓል ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ስፕራይት ስትቀይር ስክራች የብሎኮቹን ቦታ ጠርጎ የአዲሱን ስፕራይት ብሎኮች እንደ አዲስ ይጭናል። ከጫነ በኋላ መዝገቡን ሆን ብሎ ባዶ ያደርገዋል። ያን ባያደርግ ኳሷ ላይ ሆነህ ኮንትሮል ዜድ ስትጫን የድመቷ ብሎክ ለውጥ ኳሷ ላይ ሊሻር ይሞክር ነበር፤ ውጤቱ አሁን ካለው የባሰ ይሆናል። ስለዚህ ኳሷን ክሊክ ባደረግክባት ቅጽበት የድመቷ ታሪክ ተሰርዟል። ብትመለስም አይመለስም። የመመለሻው መስመር መደብዘዙም ትክክል ነው፤ መዝገቡ ባዶ ስለሆነ ነው የደበዘዘው። ስቴጁን፣ ማለትም የጀርባ ሥዕሉን፣ መምረጥም እንደ ስፕራይት መቀየር ይቆጠራል።

ለልጆቹ የሚነገረው አጭር ነው፦ ስህተትህን ሳታርም ስፕራይት አትቀይር።


ሰባት_ኮፒ፦

ይህ ሁሉ ከሚሆን ኮንትሮል ዜድን እስከ መጀመሪያው ድረስ መጫን አይቻልም እንዴ? ስክራች ላይ ገደብ የለውም፣ የፈለግከውን ያህል ወደ ኋላ ትሄዳለህ። ፕሮጀክቱን ሴቭ አድርጎ ነገ መቀጠልም ይቻላል።


ጓዳ_ገንቢ፦

ሁለቱም ልክ አይደለም።

ገደብ አለው፤ በብሎክሊ የተቀመጠው 1024 ነው። የሚቆጠረው ደግሞ የጭነት ብዛት ሳይሆን ክስተት ነው። አንድ ብሎክ አውጥቶ መሰካት ብቻውን ከአንድ በላይ ክስተት እንደሚሆን ከላይ ጽፌያለሁ፤ ስለዚህ በጭነት ስትቆጥረው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ገደቡ ሲሞላ ከሥር ያለው አሮጌው ይወድቃል። ለአንድ ክፍለ ጊዜ ሥራ ይበቃል፤ ልጅ ከዚህ ገደብ ጋር ከመጋጨቱ በፊት ስፕራይት ቀይሮ መዝገቡን ያጠፋዋል።

ሴቭ ደግሞ ታሪክ አይዝም። የኤስቢ3 ፋይል (ስክራች 3 ፕሮጀክቱን የሚያስቀምጥበት) ዚፕ ነው፤ የስሙን መጨረሻ ዚፕ ብለህ ብትቀይረው ይከፈታል። ውስጡ ፕሮጀክት የሚባል አንድ የጄሰን (መረጃ በጽሑፍ የሚቀመጥበት) ፋይል፣ ከዚያም ስማቸው ረጅም የፊደልና የቁጥር ድብልቅ የሆነ የሥዕልና የድምፅ ፋይሎች አሉ። ጄሰኑ ውስጥ እያንዳንዱ ስፕራይት ከነኤክሱና ዋዩ፣ ከነብሎኮቹ፣ ከነቫሪያብሉ (አንድ ዋጋ መያዣው) እና ሊስቱ ይገኛል። የተሻረና የተደገመ ነገር ግን የለበትም። ዘግተህ ከከፈትክ የምታገኘው ሴቭ ባደረግክበት ቅጽበት የነበረውን መልክ ነው። ገጹን ሪፍሬሽ ማድረግም እንደዚያው፤ የብሎክ መዝገቡም «ሪስቶር»ም ይሄዳሉ።


ብሎክ_ቆጣሪ፦

ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ልሂድ፣ የጠፋው ስፕራይት።

«ኢዲት» ሜኑ ውስጥ ሁለት ነገር ብቻ ነው ያለው፤ «ሪስቶር» እና «ተርቦ ሞድ»። ስፕራይት ከተሰረዘ በኋላ ከፍተህ ብታየው ጽሑፉ «ሪስቶር ስፕራይት» ሆኗል። ኮስቲዩም ከተሰረዘ «ሪስቶር ኮስቲዩም»፣ ድምፅ ከሆነ «ሪስቶር ሳውንድ»። ምንም ያልተሰረዘ እንደሆነ ይደበዝዛል። ጽሑፉን ማንበብ ዋጋ አለው፤ ምን ሊመልስልህ እንደሆነ አስቀድሞ ይነግርሃል።

ቦታው አንድ ብቻ ነው። የሚያስታውሰው መጨረሻ የተሰረዘውን አንድ ነገር ነው፤ ስፕራይት፣ ኮስቲዩምና ድምፅ ያንኑ አንድ ቦታ ይጋራሉ። ድመቷን ሰርዘህ፣ ቀጥሎ ከኳሷ አንድ ኮስቲዩም ብትሰርዝ፣ «ሪስቶር» የሚመልሰው ኮስቲዩሙን ነው። ድመቷ ከዚያ በኋላ የለችም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ስክራች 2ም «ኢዲት» ውስጥ «አንዲሊት» የሚል እንዲህ ያለ መመለሻ ነበረው፤ ልማዱ ከዚያ የመጣ ነው።

ሞክረው፦ ድመቷን ራይት ክሊክ አድርገህ ሁለት ጊዜ «ዱፕሊኬት» በል። ቅጂዎቹን አንድ በአንድ ሰርዝ። «ሪስቶር ስፕራይት» በል፤ መጨረሻ የሰረዝከው ይመለሳል። ሜኑውን እንደገና ክፈት፤ ደብዝዟል። ሌላኛው ቅጂ አልቋል።

የሚመለሰው ስፕራይት ሙሉ ነው፤ ስክሪፕቱ፣ ኮስቲዩሙ፣ ድምፁ፣ ስቴጁ ላይ የነበረው ቦታም ጭምር። በስፕራይቶቹ ዝርዝር ውስጥ ግን የሚቀመጠው መጨረሻ ላይ ነው፤ «ቦታው ተቀይሯል፣ የእኔ አይደለም» ለሚል ልጅ ይህን ንገረው። እያረምከው ያለውን ስፕራይት መሰረዝም፣ የተሰረዘውን መመለስም የምታርመውን ስፕራይት ስለሚቀይር፣ የብሎክ መዝገቡ አብሮ ባዶ ይሆናል።


ክበብ_መሪ፦

እናመሰግናለን፣ ሦስቱም ሞክረናቸው እንዳላችሁት ናቸው። የ1024ቱን አልሞከርነውም :)

ሁለት ነገር ቀረኝ። የሊስቱ ነገር፣ እና ኪቦርድ የሌላቸው ታብሌቶች። እዚያ ላይ በምን ይመለሳል?


ጓዳ_ገንቢ፦

ታብሌቱ ቀላል ነው። የብሎኮቹ ቦታ ላይ ባዶ ሥፍራ ፈልገህ ጣትህን ረዘም አድርገህ ያዝ፤ የራይት ክሊኩ ሜኑ ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች መመለሻና መድገሚያ ናቸው። ብሎክ ላይ ከያዝክ የሚወጣው ሌላ ሜኑ ነው፤ ስለዚህ ባዶ ሥፍራ ይሁን። ይህ መንገድ ኪቦርድ ላለውም የተሻለ ነው ባይ ነኝ። ወደ ብሎኮቹ እንዲመለከት ያስገድደዋል፣ ምን እንደተሻረም ያያል። የመጀመሪያው ችግራችሁ ግማሹ በዚህ ይቀራል።

ሊስቱ። ሊስት በሁለት ቦታ ነው የሚኖረው። ብሎኮቹ ቦታ ላይ ያለው ስሙና መለያው ነው። በውስጡ ያሉትን ቃላት የያዘው ግን ፕሮግራሙን የሚያስኬደው ሞተር ነው፤ ብሎኮቹ ቦታ ስለ ቃላቱ ምንም አያውቅም። ሊስቱን ስትሰርዝ መዝገቡ ላይ የሚጻፈው «ይህ ስም ያለው ሊስት ተሰረዘ» የሚል ነው። ሞተሩ ያንን ሲሰማ ቃላቱን ይጥላል። ኮንትሮል ዜድ ስትል መዝገቡ «ይህ ስም ያለው ሊስት ይፈጠር» ይላል፤ ሞተሩም እንደታዘዘው ይፈጥራል፣ አዲስና ባዶ። በሊስቱ የሚጠቀሙት ብሎኮች ሁሉ ወደየቦታቸው ስለሚመለሱ ሁሉም ደህና ይመስላል። አሳሳቹ ይህ ነው። ቫሪያብልም እንደዚሁ ነው፤ ስሙ ይመለሳል፣ ዋጋው ግን 0 ይሆናል። ነጥብ የሚቆጥር ቫሪያብል ከሆነ ማንም አያስተውለውም፤ ባንዲራው ሲጫን ስክሪፕቱ ብዙውን ጊዜ ለማንኛውም ወደ 0 ይመልሰዋል። 40 ቃል ያለው ሊስት ግን ሥራ ነው።

ስለዚህ እጅ የሠራውን ሊስት ከመንካት በፊት አውጡት። ስቴጁ ላይ የሚታየውን የሊስቱን ሣጥን ራይት ክሊክ አድርጉ፤ «ኤክስፖርት» በሉ። እያንዳንዱ ቃል በራሱ መስመር የተቀመጠበት የቴክስት ፋይል ይወርዳል። ሲጠፋ በዚያው ሣጥን ላይ «ኢምፖርት» ብላችሁ ፋይሉን መምረጥ ነው። እንዲያውም ቃላቱን መጀመሪያውኑ በኖትፓድ ጽፎ ማስገባት ይፈጥናል፤ በአማርኛ ለሚጻፍ ደግሞ እጅግ ይቀላል። ሣጥኑ ስቴጁ ላይ ካልታየ፣ በግራ በኩል ባለው ዝርዝር ከሊስቱ ስም አጠገብ ያለችውን ትንሽ ሣጥን ምልክት አድርጉባት።


ሰባት_ኮፒ፦

ስለ ሴቭ የጻፍኩት ስህተት መሆኑን ተረድቻለሁ፤ ግን ሴቭ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በየደረጃው ሌላ ስም እየሰጡ ማስቀመጥ ነው፤ «ላብራቶሪ-01»፣ «ላብራቶሪ-02» እያሉ። አንድ ነገር በተሠራ ቁጥር «ፋይል» ገብቶ «ሴቭ ቱ ዩር ኮምፒውተር»። ፋይሉ ትንሽ ስለሆነ ፍላሽ አይሞላም።


ብሎክ_ቆጣሪ፦

ይህ ትክክል ነው፤ አንድ ነገር ልጨምርበት። አሮጌው ፋይል ውስጥ የሚፈለገው አንድ ስፕራይት ብቻ ሲሆን ሁሉም ነገር ወደ ኋላ መሄድ የለበትም። መጀመሪያ የዛሬውን ሥራ ሴቭ አድርግ። አሮጌውን ፋይል ክፈት፤ የምትፈልገውን ስፕራይት ራይት ክሊክ አድርገህ «ኤክስፖርት» በል። ለብቻው የስፕራይት ፋይል ሆኖ ይወርዳል። አሁን የዛሬውን ፋይል መልሰህ ክፈት፤ ከታች በቀኝ ያለችው የድመት ፊት ምልክት ላይ ማውሱን ስታሳርፍ ከምትዘረጋው ዝርዝር «አፕሎድ ስፕራይት»ን ምረጥና ፋይሉን ስጠው። ከነስክሪፕቱ፣ ከነኮስቲዩሙ ይገባል። ለዚያ ስፕራይት ብቻ ተብለው የተሠሩ ሊስቶችም ከነቃላቸው አብረው ይመጣሉ። የተበላሸውን አሮጌ ድመት ከዚያ በኋላ ሰርዝ፤ ቀድመህ አትሰርዝ።

የኮስቲዩም መሳያውን ማንም ስላላነሳው፦ እዚያ ያሉት ሁለት ቀስቶች የመሳያው ብቻ ናቸው። ከኮስቲዩም ወደ ኮስቲዩም ስትዘል ታሪኩ ይጠረጋል፤ ልክ እንደ ስፕራይት መቀየሩ። መሳያው «ሴቭ» የሚባል ነገር የለውም፤ የሣልከው ሁሉ ወዲያው ኮስቲዩሙ ላይ ያርፋል። በተለይ «ኮንቨርት ቱ ቢትማፕ» የሚለውን ሰማያዊ ቁልፍ ያዩ ልጆች መንካት ይወዳሉ። ከነኩት በኋላ ወዲያው የኋሊት ቀስቱን ከተጫኑ ሥዕሉ እንደነበረው ይመለሳል። ነገር ግን «ኮንቨርት ቱ ቬክተር» ብለው ለመመለስ ከሞከሩ ስሙ ብቻ ነው የሚመለሰው፤ እጅ፣ እግር፣ ጭራ ለየብቻ መያዝ መቻሉ ቀርቶ ድመቷ አንድ የተለጠፈ ፎቶ ትሆናለች። ብሩሽና ቀለም ከመንካታቸው በፊት ቀስቱን ይጫኑ።


ክበብ_መሪ፦

የሊስቱ ኢምፖርት በአማርኛ ቃላት ሠርቷል።

መጨረሻ ይሁንልኝ፤ ዛሬ የታየ ነው። የድመቷን ስክሪፕት ጎትተን ከታች ኳሷ ላይ ጣልነው፤ እንዲቀዳላት። ተቀዳ። በስህተት ሁለት ጊዜ ስለተደረገ ኮንትሮል ዜድ ተጫንን፤ ከኳሷ ላይ ምንም አልጠፋም፣ ድመቷ ላይ ግን ከዚያ በፊት የተሠራ ነገር ተሻረ።


ጓዳ_ገንቢ፦

ቅጂው የሚሠራው ከብሎኮቹ ቦታ ውጭ ነው፤ ሞተሩ ራሱ ኳሷ ላይ ይጽፈዋል፣ የድመቷ መዝገብ አያየውም። የጎተትከው ስክሪፕት ደግሞ ስትለቀው ራሱ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ስክራች በውስጥ ያንን ጉተታ ስለሚሽረው ነው። ስለዚህ የአንተ ኮንትሮል ዜድ ሲመጣ ጉተታው አስቀድሞ ተሽሯል፤ የሚያገኘው ከሱ በፊት የነበረውን ሥራ ነው።

አሁን የሚደረገው፦ ድመቷ ላይ እያለህ መጀመሪያ ኮንትሮል ሺፍት ዜድ ተጫን፣ የተሻረው ይመለስ። እዚህ ላይ ተጠንቀቅ፤ ከሚገባው በላይ አንድ ጊዜ ከጫንክ ጉተታውን ራሱን ሊደግመውና ስክሪፕቱ ከቦታው ሊሄድ ይችላል፤ እንደዚያ ከሆነ አንዴ ኮንትሮል ዜድ። ድመቷ ደህና መሆኗን ካየህ በኋላ ብቻ ወደ ኳሷ ሂድ። እዚያ ሁለቱ ቅጂዎች ተደራርበው አንድ ሊመስሉህ ስለሚችሉ «ክሊን አፕ ብሎክስ» በል፤ ይለያያሉ። ትርፉን ከላይኛው ብሎኩ ይዘህ ወደ ግራው ዝርዝር ጣለው።


ክበብ_መሪ፦

ተደራርበው ነበር። ሦስት ሆነው ተገኙ።